«ልጄን ለምን ግብፅ አደረጋችኋት?»

ጥያቄው የመጣው በስልክ ነው፣ ከአንድ አባት። ሰላምታውን በወጉ አድርሰው፣ ስለ ሥራዬም ጠይቀው፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄን ለምን ግብፅ አደረጋችኋት?» አሉኝ። አጠገባቸው የሚሰማ ሰው ከነበረ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዋሳ ፒያሳ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ክፍል ውስጥ፣ እኔና የዜግነት ትምህርት የሚያስተምር ጓደኛዬ ቅዳሜ ከሰዓት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንሰበስባለን። እኔ መተዳደሪያዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ከዲፕሎማሲ ጋር የሚያገናኘኝ የለም። «ልጆቹ መጽሐፉን ይሸመድዱታል፣ ምን ትላላችሁ ስትላቸው ግን ጣራ ጣራ ያያሉ» ብሎ የገፋፋኝ ጓደኛዬ ነው። አሠራሩን እኛ አልፈጠርነውም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሳይመሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጄኔቫ የነበረውን የመንግሥታት ማኅበር እያስመሰሉ ይከራከሩ ነበር። ዛሬ «ሞዴል ዩኤን» ይባላል። እያንዳንዱ ልጅ የአንድ አገር መልእክተኛ ይሆናል። ስለዚያ አገር ያነባል፣ ሲፈቀድለት ተነሥቶ ይናገራል፣ በእረፍት ሰዓት ከሌሎች «አገሮች» ጋር ጥግ ይዞ ይደራደራል። መጨረሻ ላይ የውሳኔ ሐሳብ ጽፈው ድምፅ ይሰጡበታል። የእኛዎቹ የአገራቸውን ስም የሚጽፉት ከብስኩት ካርቶን በቆረጡት ቁራጭ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ በመስኮቱ ብርሃን እንቀጥላለን፤ የባጃጆቹ ጥሩምባ ግን አይሄድም።

አገር የሚታደለው በዕጣ ነው። ርዕሱ የህዳሴ ግድብ በሆነ ጊዜ ለአንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ግብፅ ወጣባት። ልጆቹ ራሳቸው «ወጣባት» ነው ያሉት፤ ኢትዮጵያ የደረሰውን ልጅ «ወጣለት» አሉት።

ልጅቷ ሁለት ሳምንት አነበበች። ግብፅ ከምትጠቀመው ንጹሕ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዓባይ እንደሚመጣ አወቀች። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ውኃውን ሲካፈሉ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደደረሰ፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ ዜሮ እንደሆነም አወቀች። (ዜሮዋን መደበቅ አልቻለችም፤ ኢትዮጵያ የሆነው ልጅም አንብቧል።) ቅዳሜ ስትነሣ ግን ከቁጥር አልጀመረችም። «የቤታችሁ ቧንቧ የሚከፈተውና የሚዘጋው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ቢሆን፣ ጎረቤታችሁ ጥሩ ሰው ቢሆንም፣ ማታ እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ውኃ በፈረቃ የምትመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ ይቺን ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም። ኢትዮጵያ ተነሣና «ያልገባሁበትን ዕቁብ አልጥልም» አላት። የ1959ኙን ስምምነት በሦስት ቃል ጨረሰው። የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ግድቡ በሰኔ 2012 እና በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ተሰብስቦ ነበር፤ ከሁለቱም ስብሰባ እንዲህ ያለ አጭር መልስ አላስታውስም።

ማታ አባቷ ደወሉ።

የሰውዬውን ነገር ማቅለል አልፈልግም። የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ግድቡ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከደሞዛቸው ቦንድ ገዝተዋል። ልጅቷ ከግድቡ ጋር እኩያ ናት ማለት ይቻላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አባትና ልጅ አብረው በቴሌቪዥን አይተውታል። እና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄን የላክኋት ሐሳቧን በደንብ እንድትናገር ነው። የማታምንበትን በደንብ እንድትናገር አይደለም። ይሄ ውሸት ማስተማር አይደለም ወይ?»

ቀላል መልስ ነበረኝ። «ነገ ልጅዎ ለኢትዮጵያ ስትደራደር ግብፅ ምን እንደምትል አስቀድማ ታውቃለች» አልኳቸው። በሥራዬም ያለ ነገር ነው። አንድ ፕሮግራም የሚጠነክረው ሊሰብረው በሚሞክር ሰው ነው፤ ራሱ የጻፈው ሰው ሲሞክረውማ ሁልጊዜ ይሠራል። ሰውዬው ግማሽ በግማሽ የረኩ መሰለኝ። እኔ ግን ይህን መልስ ብዙም አልወደውም። እውነት ነው፣ ግን ሌላውን መረዳትን የጦር መሣሪያ ያደርገዋል። የጎረቤትን ጭንቀት የምናጠናው ልናሸንፈው ብቻ ከሆነ፣ ሌባም እኮ የባለቤቱን የእንቅልፍ ሰዓት ያጠናል።

ስለዚህ የአባትየውን ጥያቄ እንደ ጥያቄ እንውሰደው። የማያምኑበትን መናገር ውሸት የሚሆነው መቼ ነው?

ክፍላችን ውስጥ አስተርጓሚዎችም አሉ። ሞዴል ዩኤን በብዙ ቦታ በእንግሊዝኛ ነው የሚካሄደው፤ እኛ ግን ልጁ የሚያስብበትን ቋንቋ ነው የፈለግነው፤ ስለዚህ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ይናገራሉ፣ ሁለቱን የሚችሉ ልጆች በየተራ ያስተረጉማሉ። (እንግሊዝኛ ካልሆነ ምን ያደርጋል ያሉን ወላጆች አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ፣ ፈረንሳይኛ እየቻሉ፣ የተናገሩት በአማርኛ ነው፤ የጣሊያን ጋዜጠኞች ያፏጩባቸውም ትርጉሙን ሳይጠብቁ ነው።) የአስተርጓሚ ሥራ ደንብ አለው፤ ተናጋሪው «እኔ» ካለ አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል። «እሱ እንዲህ አለ» አይልም። ልጆቹ መጀመሪያ ይሄ ያስቃቸዋል፤ አንዷ «እኔ ግድቡን እቃወማለሁ» ብላ ተርጉማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ግን ማንም ዋሸች አላላትም። «እኔ» የምትለው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

መልሱ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ውሸት የሚታለል ሰሚ ይፈልጋል። ፊቷ «ግብፅ» የሚል ካርቶን አቁማ የምትናገር ልጅ ማንን አታለለች? ይልቅ ካርቶን ሳያቆሙ የሌላ ሰው አፍ ሆነው የሚናገሩትን ነው መፍራት። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየቀኑ የምናነበው ስንቱ ነው የማን መልእክተኛ እንደሆነ ያልጻፈ?

ይህ ደግሞ ከጄኔቫ የመጣ ዕውቀት አይደለም። በአማራው አገር የኖረው የበልሃ ልበልሃ ሙግት ይህንኑ ያውቅ ነበር። ተሟጋቾቹ ዳኛ ፊት ይቆማሉ፣ አንዳንዴ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ነጠላቸውን በወጉ አጣፍተው፣ ዱላ በእጃቸው ይዘው። ንግግሩ ግጥምም ተረትም ይገባበታል፤ ውርርድ ይያዛል፤ ተመልካች ይከባል። አፉ የማይፈታለት ባለጉዳይ ነገረ ፈጅ ያቆም ነበር፤ ነገረ ፈጁም «መሬቴ» ሲል መሬቱ የእሱ እንዳልሆነ ዳኛውም ባላንጣውም ያውቃሉ። በሌላው ቦታ ቆሞ መሟገት የተፈቀደ፣ የታወቀ፣ የተከበረም ሥራ ነበር። ሳስበው ለቴአትር በጣም የቀረበ ነገር ነው።

ታዲያ አባትየው ተሳስተዋል? አይ፣ አልተሳሳቱም። የፈሩት ነገር እዚያው በልሃ ልበልሃ ውስጥ አለ። ነገር አዋቂ ሲደነቅ የኖረ ሰው ነው፣ ሲፈራም የኖረ። ሲደነቅ አንደበቱ ስለሚጣፍጥ፤ ሲፈራ ደግሞ የድኻ መሬት በአንደበት ሊሄድ ስለሚችል። አንድን ልጅ በ13 ዓመቱ «የትኛውም ወገን ቢደርስህ ማሸነፍ ትችላለህ» ብለህ ካስተማርከው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የትኛውም ወገን አንድ ነው ብሎ ቢያስብ ማን ይፈረድበታል? ጎበዝ ተከራካሪ ሆነው ሲያበቁ ምን እንደሚያምኑ የጠፋባቸው ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን። ቴሌቪዥን ላይ አሉ።

ሐዋሳ መሆናችን የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ሲቀመጡ «አፊኒ?» የሚል ጥያቄ አለ። «ሰምታችኋል ወይ?» እንደ ማለት ነው። ቃሉ ቀላል ነው፤ ክብደቱ ግን መናገርን ከመስማት በኋላ ማስቀመጡ ላይ ነው። ከሱ ጋር የሚሄደው ሌላው ቃል «ሀላሌ» ነው፤ እውነት። ሶንጎ ላይ የሚፈለገው አሸናፊ አይደለም፣ ሀላሌ ነው፤ ጉዳዩ እየዞረ እየዞረ ሁሉም የሚቀበለው ነገር ላይ እስኪደርስ ይነገራል። በልሃ ልበልሃ ዳኛ ይፈልጋል፣ ረቺና ተረቺ ይወጣበታል። ሶንጎ ግን ተረቺ ይዞ ወደ ቤት መሄድን አይወድም።

ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ። ሶንጎ ብቻ ቢሆን ልጆቹ ታላቅን ሰምተው ዝም ማለት ይቀናቸዋል፤ ይሄንንማ ትምህርት ቤት በደንብ ተምረዋል። በልሃ ልበልሃ ብቻ ቢሆን ደግሞ የአባትየው ፍርሃት ይደርሳል። ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ ሁለት ደንብ አስገባን። አንደኛው፦ ለመመለስ የሚነሣ ልጅ መጀመሪያ የሌላውን ሐሳብ በራሱ አነጋገር ይደግማል፤ ባለ ሐሳቡ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ወደ መልሱ አያልፍም። ልጆቹ ይህን ደንብ «አፊኒ» ብለው ጠሩት፤ አንዱ ዘሎ ሊመልስ ሲል ሌሎቹ በአንድ ድምፅ «አፊኒ!» ይሉታል። ክርክሩን ያንቀራፍፈዋል። አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ደግሞም አያገኘውም፣ ይናደዳል፣ ይቀመጣል። ሁለተኛው ደንብ፦ መጨረሻ ላይ ሁሉም ካርቶኑን ያወርዳል፤ ከዚያ በራሱ ስም፣ በራሱ «እኔ»፣ ምን እንደሚያስብ ይናገራል። «ገና አልወሰንኩም» ማለት ይቻላል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያለ ሐፍረት የሚናገር አዋቂ ብዙ አላየሁም።

ግብፅ የነበረችው ልጅ ካርቶኗን አውርዳ ያለችው ይህ ነው፦ «ግድቡ የእኛ ነው፣ መሠራቱ ደስ ብሎኛል። ግን ድርቅ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ለምን አንጽፍላቸውም?» ይህን የነገራት የለም። ሦስቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2020 ዋሽንግተን ተቀምጠው ከተጣበቁባቸው ነጥቦች አንዱ ግን ይኸው ነው፤ በድርቅ ዓመት ስንት ውኃ ይለቀቅ፣ ግዴታ ሆኖ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ግዴታ የማትፈልግበት የራሷ ምክንያት አላት፤ የነገን የላይኛውን ተፋሰስ ልማት እጅ ያስራል የሚል። ልጅቷ መልስ አላገኘችም። ጥያቄው የቱ ጋ እንዳለ ግን አገኘች፤ ያገኘችውም በግብፅ ወንበር ሁለት ሳምንት ስለተቀመጠች ነው። ለአባቷ በሁለተኛው ስልክ የነገርኳቸው ይህንን ነው። ትንሽ ዝም አሉና «እሱንስ እኔም አስቤው አላውቅም» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ቢሆንም በሚቀጥለው ሌላ አገር ስጧት» አሉ።

አሁን ግን ራሴን ልቃወም። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የሚጀምሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «ክርክር ሰላምን ያመጣል» ይላሉ። እኔ አልልም፤ የገዛ ታሪካችን አያስብልም። መኢሶን እ.ኤ.አ. በ1968 ሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1972 በርሊን የተመሠረቱት ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ በወጡ፣ አብረው በተማሩ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ባነበቡ ወጣቶች ነው። እንደዚያ ትውልድ የተከራከረ የለም። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» የሚል ዓምድ ከፍቶ የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች በጽሑፍ ተሟግተውበታል፤ ከሐሳብ ጥራት አንፃር ዛሬ የምናነበው ብዙ ነገር አጠገቡ አይደርስም። ዓመት ሳይሞላ መንገድ ላይ ይገዳደሉ ነበር። ቀይ ሽብር ኢሕአፓን ጨረሰ፤ መኢሶንም በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ወደ ኅቡዕ ገብቶ በተራው ታደነ። የ1997ቱ ምርጫ ክርክርም አለ፤ ሕዝቡ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንደዚያ ጓጉቶ ክርክር ተከታትሎ አያውቅም፤ ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ክርክር በራሱ ደም አያስቀርም። የቃላት ጉልበት ሲያልቅ ወደ ሌላ ጉልበት መሻገሪያ ሊሆንም ይችላል። ያ ሁሉ ክርክር አንድ የጋራ ነገር ነበረው፤ እያንዳንዱ የሚሟገተው ለራሱ ወገን ብቻ ነበር። ዕጣ አልነበረም። ለአንድ ከሰዓት እንኳ የሌላው ካርቶን ፊቱ የቆመ ሰው አልነበረም። ዕጣው ቢኖር ኖሮ ማለቴ አይደለም፤ ታሪክ በካርቶን አይቀየርም። ማለት የምፈልገው፣ ከክርክርና ከዕጣ አንዱን ብቻ ማስተማር ካለብኝ ዕጣውን እመርጣለሁ ነው።

ለሌላ መቆም ግን ሁልጊዜ የዕጣ ጉዳይ አይደለም፤ አንዳንዴ ማንም ሳያዝህ የምትቆምበት አለ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1960 ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ጉዳዩ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ በአደራ የተቀበለችውን ሕዝብ በአፓርታይድ እየረገጠች ነው የሚል ክስ ነው። ስድስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሐምሌ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ ፕሬዚዳንቱ አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ክሱን ጣሉት። ምክንያቱ በሕግ ቋንቋ ረጅም ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን «ምን አገባችሁ?» ነው። ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላሳዩም ተባለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ጠቅላላ ጉባኤው የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረ፤ በ1971 ፍርድ ቤቱ ራሱ ደቡብ አፍሪካ እዚያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው የሚል አስተያየት ሰጠ፤ ናሚቢያ ነፃ የወጣችው በ1990 ነው። ትምህርት ቤት ስለ ዓድዋ የተማርነውን ያህል ስለዚህ ክስ አንድ ገጽ አለመማሬ ይገርመኛል። ዓድዋ ለራስ መቆም ነው። ዘ ሄግ ላይ ግን ኢትዮጵያ የቆመችው «ምን አገባሽ» እየተባለች ነው።

በሚቀጥለው መንፈቅ ርዕሳችን ይህ ነው። እዚህ ላይ እኔና ጓደኛዬ ያልተስማማንበት ነገር መጣ። ዕጣ ከሆነ ዕጣ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ወንበርስ ለማን ይውጣ? ያኔ የደቡብ አፍሪካ ጠበቆች አፓርታይድ «ተለያይቶ ማደግ» ነው፣ ለነዋሪዎቹ ራሳቸው ይበጃል ብለው ተከራክረዋል። ጓደኛዬ «ይህን ክርክር ከውስጥ ያየ ልጅ ነው ነገ ሌላ ስም ተለጥፎበት ሲመጣ የሚያውቀው» ይላል። ጠንካራ ነጥብ ነው። እኔ ግን አንድ መስመር አለኝ። ግብፅ ስትሆን የምትሟገተው ለጥቅም ነው፣ ለውኃ፣ ለእህል፣ ለፍርሃት፤ ተቃዋሚህ ሰው መሆኑን አትነካም። አፓርታይድን ስትይዝ ግን የምትሟገተው አንዱ ሰው ከሌላው ያነሰ ነው ብለህ ነው። አጠገብህ የተቀመጠው ልጅ ዓይኑን እያየህ። ጨዋታ ነው ብትለውም ቃሉ ወጥቷል፤ በ13 ዓመት ጆሮ የገባ ቃል ካርቶን ሲወርድ አብሮ አይወርድም።

ይህ መስመር ከዘ ሄግ ይልቅ ለሐዋሳ ያስፈልገናል ብል ማጋነን አይደለም። ክፍላችን ውስጥ የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የአማራ፣ የጉራጌ፣ የኦሮሞ ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ የሁለትና የሦስት ናቸው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ለመሆን ሕዝበ ውሳኔ ሲያካሂድ ትንንሾች ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ከተማዋ ያሳለፈችውን ግን ቤት ውስጥ ሰምተዋል፣ እያንዳንዱም የሰማው የተለያየ ነው። አንድ ወላጅ «ለምን የራሳችንን ጉዳይ አታወያዩዋቸውም? ዓባይ ሩቅ ነው» ብለውናል። እውነታቸውን ነው፣ ዓባይ ሩቅ ነው፤ ለዚህም ነው የጀመርንበት። ለቅርቡ ጉዳይ ካርቶን አይበቃም፤ ፊትህ «ግብፅ» ብለህ የምትጽፈውን ያህል የጎረቤትህን ስም መጻፍ አትችልም። ጓደኛዬ ዓመቱ ሳያልቅ እንሞክረው ይላል፤ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ያለ ድምፅ ብልጫ፣ እንደ ሶንጎ። እኔ መጀመሪያ ልጆቹ «አፊኒ» የምትለዋን ደንብ ሲናደዱም መጠበቅ መቻላቸውን ማየት እፈልጋለሁ። አልወሰንንም።

የደቡብ አፍሪካን ወንበር ግን ወስነናል። ልጅ አይቀመጥበትም፣ ዕጣም አይጣልበትም። እኔ እቀመጥበታለሁ። የዚያን ጊዜውን መከራከሪያ እያነበብኩ ነው፤ ጓደኛዬ ዳኛ ነው፣ የናሚቢያን ወገን የሚይዙት ስድስት ልጆች ናቸው፣ ግብፅ የነበረችው ልጅ አንዷ ናት። በአባቷ ጥያቄ መሠረት ሌላ አገር ሰጠናት። ባለፈው ቅዳሜ ደረጃው ላይ አስቁማ «የሚያምኑበትን ነው የሚናገሩት ወይስ የተጻፈውን?» ብላ ጠየቀችኝ። «የተጻፈውን» አልኳት። «እሺ፣ ግን ካርቶንዎን ትልቅ አድርገው ይጻፉት» አለችኝ።